ልክ

ዱሉት፣ ጥር ወር። ሐይቁ እስከ ወደቡ አፍ ረግቶ፣
ነፋሱ በቁልፍ ቀዳዳ ገብቶ፣
ካርል ላህቲ ደወለልኝ፤ ከሰላምታው ቁጣው ቀድሞ፦
«የእናቴ መኝታ ቤት ፊውዝ ትናንት ተቃጠለ፣ ዛሬም ደግሞ።
ማሞቂያው ላይ ካውያ ሲጨመር ድርግም ይላል ቤቱ፤
ሠላሳ አምፔር አስገቢለትና ይለፍልን መዓቱ።
የሳሎኑን አታዪም? አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ አያውቅም፤
እሱን አስመስዪው፤ ሌላ አልጠይቅም።»

ምድር ቤት ወረድኩ። ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣
የሣጥኑን አቧራ በክንዴ አብሼ፣
ያንን የተመሰገነውን፣ የሳሎኑን ቫልቮላ ስፈታ፣
ከሥሩ አንዲት ሳንቲም፤ መዳብ፤ ጠቁራ፣ ተኝታ።

ሳንቲም አትቀልጥም። ሳንቲም እምቢ አትልም።
የመጣውን ሁሉ ታሳልፋለች፤ ስንት ነህ ብላ አትጠይቅም።
ከጀርባዋ ያለውን ሽቦ ስነካው ልብሱ ረገፈ።
«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል፤
ይኼ ግን ራሱ ቅጠል መስሏል።

«የቤታችንን ጉድ ማን ያያል?» አለ ካርል።
«ሽቦው» አልኩት።
ቫልቮላ የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ነው፣ በሰው አምሮት አይደለም፤
ለአሥራ አራት ቁጥር አሥራ አምስት፣ ለአሥራ ሁለት ሃያ፣
ለአሥር ሠላሳ፤ ከዚያ አያልፍም።
ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ አላውቅም።
ሕጉ ድንጋይ አይደለም፤ ርኅራኄ አለው በየአንቀጹ፦
ሞተር ሲነሣ ስለሚያለከልክ ይታገሡታል ሳይቆጡ፤
በወፍራሞቹ መካከል የሚገጥም ልክ ከገበያ ቢጠፋ፣
አንድ ደረጃ ከፍ ይባላል፣
እስከ ስምንት መቶ፤ ከዚያ ወዲያ የለም ተስፋ።
ለእናትህ ቀጭን ሽቦ ግን ዓይኑን አይጨፍንም።
ማታ ማታ የምትሰድበው፣ የመኝታ ቤቱ፣
እሱ ነው ሥራውን የሠራው፤ እሱ ነው ታማኝ ያለ ሐሜቱ።

ዝም አለ። ቆይቶ «ልክ ነሽ» አለኝ፣ እየጎመዘዘው።
እሱ በቋንቋው ነው ያለው፤ እኔ በሆዴ ስመልሰው፣
ልክ፦ እውነቱንም፣ መጠኑንም፣ ድንበሩንም
አንድ ቃል ነው የተሸከመው።

እናቱ ኢርማ ደረጃው ላይ ነበረች፣ ሁለት ሹራብ ደርባ።
ሳንቲሟን መዳፏ ላይ ሳኖርላት ዘመኗን ዳበሰች በጣቷ፣
ሳቀች፤ ተንቀጠቀጠ አንገቷ።
«ቶይቮ ነው» አለች። «የገና ማታ ነበር፤
ሠላሳ ሰው ሳሎኑን ሞልቶ ወለሉ በጭፈራ ሲሰበር፣
መብራቱ ሦስቴ ጠፋ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል።
ባሌ ወደ ታች ወርዶ ተመለሰ፤ እስኪነጋ በርቷል።
እኔም፣ አየሽ፣ ጀግና ያገባሁ መሰለኝ።»

አርባ ዓመት።
አሁን በስልክ የሚቆጣው ያኔ ሕፃን ነበር፤
አልጋው ከዚያው ግድግዳ ተጠግቶ፣
ያ ሽቦ ከትራሱ በአንድ ክንድ ርቀት
ሌሊቱን ሲግል፣ ጠዋት ሲበርድ፣ ሲግል።
ዕድል ቫልቮላ አይደለም። አምፔር አልተጻፈበትም።

የደረቀውን መዝዤ አወጣሁ፤ ለማሞቂያው ለብቻው
አሥራ ሁለት ቁጥር ዘረጋሁ፣ ሃያ ሰጠሁት።
አዲሱ ቫልቮላ ዳኛ ነው፦ ጥቂት ቢበዛበት ይታገሣል፣
እጅግ ቢበዛበት ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይጠብቅም።
በክዳኑ ውስጥ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ሳሎን፣ አሥራ አምስት።»

በሳምንቱ ከተቆጣጣሪው ጋር ስንመለስ
ከጽሑፌ ሥር፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፦
«አትከራከሩት።»
ሳንቲሟም ከውጭ፣ ክዳኑ ላይ፣ በፕላስተር ተለጥፋ፤
ምንም በማታሳልፍበት ቦታ።
ተቆጣጣሪው መነጽሩን አውልቆ አያት፤
ፈረመ።